ማደንዘዣ ለመስጠት ስንት ሒሳብ ያስፈልጋል?

በዚህ ዓምድ ብዙ ጊዜ የምንወያየው ስለ ምግብ፣ ስለ ውኃ ንጽሕናና ስለ መድኃኒት አወሳሰድ ነው። የዛሬው ርዕስ ወደ ትምህርት ያደላል። ምክንያቱ እዚህ ሮቢት፣ በምሠራበት መድኃኒት ቤት ባንኮኒ ፊት የሰማሁት ንግግር ነው።

አንድ የሰፈራችን አባት ትኩሳት ለያዘው ሕፃን ልጃቸው ሽሮፕ ሊገዙ መጡ። አሥረኛ ክፍል የምትማረው ልጃቸው ሕፃኑን አዝላ አብራቸው ነበረች። «ትምህርት እንዴት ነው እታለም?» ብዬ ጠየቅኋት። አንገቷን ደፋች። አባትየው መለሱልኝ። «እናቷ ወልድያ በኦፕራሲዮን ስትወልድ አይታ፣ ማደንዘዣ የምትሰጠዋን ካልሆንኩ ብላለች። ይኸውና ሒሳብ ላይ ወደቀች። ሒሳብ የማይሆንላት ልጅ ምኑን ትማረዋለች? ዓረብ አገር ያለችው አክስቷ ትምጣልኝ ብላለች፤ እሱ ሳይሻል አይቀርም።»

እኔም «ሕፃኑ ስንት ኪሎ ነው?» አልኩ። ሚዛን ላይ አስቀመጥነው፤ 8 ኪሎ ሆነ። የፓራሲታሞሉን ጠርሙስ ለልጅቷ ሰጠኋትና ጽሑፉን እንድታነብ አደረግሁ። በ5 ሚሊ ሊትር ውስጥ 120 ሚሊ ግራም ይላል። «ለአንድ ኪሎ 15 ሚሊ ግራም ብንሰጠው፣ ስንት ሚሊ ሊትር ይውሰድ?» አልኳት። መዳፏ ላይ በጣቷ ጻፈች። 8 ጊዜ 15፣ 120። ቀና ብላ «አምስት!» አለች። «አብሽሪ! አሁን የሠራሽው እዚያ ኦፕራሲዮን ክፍል ውስጥ ከሚሠራው ሒሳብ የመጀመሪያው ነው» አልኳት።

አባትየው ግን «በቃ ይኸው ብቻ ነው?» ብለው ጠየቁኝ። በቃ ብል እዋሻለሁ፤ አይደለም ብል ልጅቷን አስፈራለሁ። ይህ ጽሑፍ ለእርሳቸውና እንደ እርሳቸው ለሚጠይቁ ወላጆች ሁሉ መልስ ይሆን ዘንድ የተዘጋጀ ነው።

ባለሙያዋ የምትሠራው ምንድን ነው?

ብዙዎቻችን ማደንዘዣ የሚሰጥ ሰው አንድ መርፌ ወግቶ የሚሄድ ይመስለናል። እውነቱ ሌላ ነው። ቀዶ ሕክምናው ተጀምሮ እስኪያልቅ ከታካሚው ራስጌ የማይለይ ባለሙያ ነው። ትንፋሹን፣ የልብ ምቱን፣ የደም ግፊቱንና በደሙ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ይከታተላል፤ የፈሰሰውን ደም ገምቶ ፈሳሽ ይተካል፤ በመጨረሻም ታካሚውን በደኅና ያነቃዋል። ይህ ሰው በሌለበት ሆስፒታል ቀዶ ሐኪም ቢኖርም ቢላዋው አይነሳም።

በአገራችን ይህን ሥራ በአብዛኛው የሚሸከሙት አንስቴቲስት የሚባሉት ባለሙያዎች ናቸው። ወደ ሙያው የተገባባቸው ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው በሥራ ላይ ያሉ ነርሶች በደረጃ 5 ተጨማሪ ሥልጠና ወስደው የገቡበት ነው። ሁለተኛው ከ12ኛ ክፍል በቀጥታ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ በአንስቴዥያ የመጀመሪያ ዲግሪ መያዝ ነው። በክልላችን የጎንደር፣ የወሎ፣ የደብረ ታቦርና የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲዎች የአንስቴዥያ ትምህርት ክፍል አላቸው። የወሎው ደሴ ላይ ስለሆነ ለእኛ ለራያና ለቆቦ ሰዎች ሩቅ አይደለም። በአሜሪካ ደግሞ ደረጃው ከፍ ብሏል። እዚያ ነርስ አንስቴቲስት ለመሆን አስቀድሞ በነርስነት ዲግሪ መያዝና በጽኑ ሕሙማን ክፍል ቢያንስ አንድ ዓመት መሥራት ያስፈልጋል፤ ከ2022 እ.ኤ.አ. ወዲህ አዲስ የሚገባ ተማሪ የሚማረውም በዶክትሬት ደረጃ ነው።

ከባዱ በር 12ኛ ክፍል ነው

እውነቱን እንናገር። በዚህ ጉዞ ውስጥ የሒሳብ ፈተናው የሚከብደው ሆስፒታል ውስጥ ሳይሆን ከዩኒቨርሲቲው በር ላይ ነው። ዲግሪውን የምትፈልግ ልጅ የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ መሆን አለባት፤ በ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ ይጠብቋታል። ፈተናው በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች መሰጠት ከጀመረ ወዲህ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በጣም ጥቂቶች ናቸው። ከ2014 ዓ.ም ተፈታኞች 3.3 በመቶ፣ ከ2015 ዓ.ም 3.2 በመቶ፣ ከ2016 ዓ.ም 5.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከ100 ልጆች 95ቱ ጭንቅላት የላቸውም ልንል ነው? አንልም። በሚገባ ያልተማሩ ብዙ ልጆች መኖራቸውን ነው ቁጥሩ የሚነግረን።

የእኛ አካባቢ ልጆች ደግሞ ተጨማሪ ነገር ደርሶባቸዋል። በ2013 ዓ.ም መጨረሻና በ2014 ዓ.ም ጦርነቱ እዚሁ ደጃችን ነበር፤ ትምህርት ቤቱም ጤና ተቋሙም ተጎድቷል። ከ2015 ዓ.ም መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን በተነሳው ግጭትም ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ከርመዋል። ዛሬ አሥረኛ ክፍል ያለች ልጅ ክፍልፋይንና አስርዮሽን መማር በነበረባት ዓመታት ስንት ቀን ክፍል ገባች? ብዙዎቹን «ሒሳብ አይሆንላትም» የምንላቸው ልጆች ሒሳብ ያልደረሳቸው ናቸው። ልዩነቱ ትልቅ ነው። የማይሆንላት ከሆነ ተስፋ እንቆርጣለን፤ ያልደረሳት ከሆነ ግን እናደርስላታለን።

በሩን ካለፈች በኋላ በመጀመሪያው ዓመት ለተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪዎች የሚሰጥ የሒሳብ ኮርስ አለ። ስብስብ፣ ፈንክሽን፣ የግራፍና የመስመር ጂኦሜትሪ የመሳሰሉትን የያዘ ነው። ፊዚክስም ይከተለዋል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ባዮስታትስቲክስ ሲሆን፣ የጥናት ውጤት አንብቦ ለመረዳት የሚያስፈልግ ነው። ኦፕራሲዮን ክፍል ውስጥ ካልኩለስ የሚሠራ ሰው የለም።

ዘካ የሚያወጣ ቤት ፐርሰንት አያቅተውም

ታዲያ በየቀኑ የሚሠራው ሒሳብ የትኛው ነው? ማባዛት፣ ማካፈል፣ ክፍልፋይ፣ አስርዮሽ፣ መቶኛና የመለኪያ ልውውጥ ነው። ይህን ደግሞ የእኛ ቤቶች ከመድረሳ ጀምሮ ያውቁታል። ማሽላው በዝናብ ከበቀለ ከ10 አንድ፣ በሞተር ውኃ ስበን ካጠጣነው ከ20 አንድ እናወጣለን። ኒሷብ ከሞላ ገንዘብ ላይ ከ40 አንድ ነው። ሟች ልጆች ካሉት ለሚስት 1/8 እንላለን። አልጀብራ የሚለው ስም የመጣውም በ9ኛው ምዕተ ዓመት ባግዳድ ከነበረው ከአል ኸዋሪዝሚ መጽሐፍ ነው፤ የዚያ መጽሐፍ አንድ ትልቅ ክፍል ስለ ውርስ ክፍፍል ስሌት ነው።

አሁን ከ40 አንድ የሚለውን እንያዝ። በመቶኛ ስንጽፈው 2.5 በመቶ ነው። ታዮፔንታል የሚባለው ነባር የማደንዘዣ ዱቄት በብልቃጥ 500 ሚሊ ግራም ሆኖ ሲመጣ፣ በ20 ሚሊ ሊትር ውኃ ይበጠበጣል። 500ን ለ20 ስናካፍል በአንድ ሚሊ ሊትር 25 ሚሊ ግራም ይሆናል። ስሙም 2.5 በመቶ ነው! በመድኃኒት ላይ 1 በመቶ ማለት በ100 ሚሊ ሊትር ውስጥ 1 ግራም፣ ማለትም በአንድ ሚሊ ሊትር 10 ሚሊ ግራም ማለት ነው። ስለዚህ መቶኛውን በ10 ማባዛት ይበቃል። 2 በመቶ ሊዶካይን 20 ሚሊ ግራም፣ 1 በመቶ ፕሮፖፎል 10 ሚሊ ግራም፣ በወገብ የሚሰጠው 0.5 በመቶ ቡፒቫካይን ደግሞ 5 ሚሊ ግራም በአንድ ሚሊ ሊትር ይይዛሉ።

እንግዲህ ቀላል ከሆነ ለምን ዓመታት ይፈጃል? ሒሳቡ ቀላል ቢሆንም ስሕተቱ ቀላል አይደለማ! አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ። ይህ ሥራውን ለማስረዳት ብቻ እንጂ ማንም ሰው በራሱ እንዲጠቀምበት አይደለም። 12 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን በደም ሥር ኬታሚን ሊሰጠው ነው እንበል። ለአንድ ኪሎ 2 ሚሊ ግራም ከተወሰነ 24 ሚሊ ግራም ያስፈልገዋል። ኬታሚኑ በአንድ ሚሊ ሊትር 50 ሚሊ ግራም ከያዘ፣ የሚሰጠው 0.48 ሚሊ ሊትር ነው። ይህችን ጠብታ በትልቅ ሲሪንጅ መለካት አደገኛ ስለሆነ፣ ባለሙያዋ 1 ሚሊ ሊትሩን ወስዳ ውኃ ጨምራ 10 ሚሊ ሊትር ታደርሰዋለች። አሁን በአንድ ሚሊ ሊትር 5 ሚሊ ግራም ሆኗል፤ ለሕፃኑ 4.8 ሚሊ ሊትር ትሰጠዋለች። ነገር ግን መቀጠኑን ረስታ ካልቀጠነው 4.8 ሚሊ ሊትር ብትሰጥ 240 ሚሊ ግራም፣ አሥር እጥፍ ይሆናል። አንዲት ነጥብ ቦታ ሳተች ማለት ይህ ነው።

እኔ ራሴ ዲፕሎማዬን ስማር በመጀመሪያው የስሌት ፈተና ነጥቧን በአንድ ቤት ወደ ቀኝ አዙሬ ጻፍኩ። መምህራችን ስሕተቱን በቀይ ከበቡና «እዚህ ወረቀት ላይ ነውና ሁለት ማርክ ብቻ ቀነስኩሽ» አሉኝ። ዛሬም ሲሪንጅ ባየሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል። ለዚህ ነው በጤና ሙያ ከነጥብ በፊት ዜሮ እንዲጻፍ (0.5 እንጂ .5 እንዳይባል)፣ ከሙሉ ቁጥር በኋላ ግን ነጥብና ዜሮ እንዳይጨመር (5 እንጂ 5.0 እንዳይባል) የሚመከረው። ነጥቡ ከደበዘዘ 5.0 የተባለው 50 ተብሎ ሊነበብ ይችላል።

ውድ አንባቢያን፣ ሆስፒታል ስትገቡ «ስንት ኪሎ ነህ? ምግብ የበላሽው መቼ ነው?» እየተባላችሁ የምትጠየቁት በከንቱ አይደለም። ኪሎው የስሌቱ መነሻ ነው። ሰዓቱ ደግሞ ሆድ ውስጥ ያለ ምግብ በማደንዘዣው ጊዜ ወደ ሳምባ እንዳይገባ ነው፤ በቀጠሮ ለሚደረግ ቀዶ ሕክምና አብዛኛውን ጊዜ ከቀላል ምግብ 6 ሰዓት፣ ከንጹሕ ውኃ 2 ሰዓት ይጠበቃል። በልታችሁ ከሆነ አትደብቁ።

ሳይንሱስ?

ሳይንሱ ከሒሳቡ ይሰፋል። ከሁሉ የሚበዛው የሰውነት ትምህርት ነው፤ አናቶሚ፣ ፊዚዮሎጂ፣ ባዮኬሚስትሪና ፋርማኮሎጂ ማለት ነው። ለምሳሌ በወገብ ማደንዘዣ የተሰጣት ወላድ የደም ግፊቷ ለምን ይወርዳል? መድኃኒቱ የደም ሥሮችን ስለሚያላላ ነው። በጀርባዋ ስትተኛ ደግሞ ማሕፀኑ ትልቁን የደም መመለሻ ሥር ይጫነዋል። ስለዚህ ባለሙያዋ እናቲቱን ትንሽ ወደ ግራ ታዘነብላታለች። ይህን ለማድረግ የሥሩን ቦታ፣ የመድኃኒቱን ሥራና የግፊትን ምንነት አገናኝቶ ማወቅ ይጠይቃል። የተማረችው ሁሉ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ይፈለጋል።

ፋርማኮሎጂ ውስጥ አንድ ደስ የሚል ሒሳብ አለ። መድኃኒት ከደም የሚወጣው በየጊዜው በግማሽ እየቀነሰ ነው፤ 100 የነበረው 50፣ ከዚያ 25፣ ከዚያ 12.5 እያለ ይወርዳል። አምስት ጊዜ ከተጋመሰ በኋላ የሚቀረው ከ100 3 ያህል ነው። መድኃኒቱ ከሰውነት መቼ እንደሚወጣ መገመት የሚቻለው በዚህ ነው።

ፊዚክሱ ስለ ጋዝና ስለ ግፊት ነው። አንድ አነስተኛ የኦክስጅን ሲሊንደር ሙሉ ሲሆን 660 ሊትር ያህል ይይዛል እንበል። የግፊት መለኪያው ሩብ ላይ ከቆመ የቀረው 165 ሊትር ነው፤ ጋዙ በተጨመቀ መጠን ግፊቱም በዚያው ልክ ይጨምራልና። በደቂቃ 5 ሊትር የሚወስድ ሕመምተኛ በ33 ደቂቃ ይጨርሰዋል። ከቆቦ ወልድያ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አምቡላንሱ በ33 ደቂቃ ይደርሳል? አይደርስም። ይህን ከመነሳቷ በፊት ያሰበች ባለሙያ ሌላ ሲሊንደር ትጭናለች፤ ያላሰበች መንገድ ላይ ትቀራለች።

ነገር ግን ይህ ሕግ ለሁሉም ጋዝ አይሠራም። ናይትረስ ኦክሳይድ የሚባለው ጋዝ በሲሊንደሩ ውስጥ በከፊል ፈሳሽ ስለሆነ፣ ፈሳሹ እስኪያልቅ መለኪያው ብዙም አይወርድም። እንደ ወጥ ቤታችን የቡታ ጋዝ ሲሊንደር፣ የቀረውን ለማወቅ የሚሻለው መመዘን ነው። ከፍታም የራሱ ነገር አለው። አየር ውስጥ ያለው ኦክስጅን ቆቦም ላሊበላም 21 በመቶ ነው። ላሊበላ ግን 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር ከአራት እጅ ሦስቱ ያህል ነው። መቶኛው ያው ሆኖ ሳለ ሳምባ የሚያገኘው ያንሳል።

ኬሚስትሪው ደግሞ አሲድና ቤዝ፣ የመድኃኒት ብጥብጥ፣ በስብ ውስጥ የሚሟሟና የማይሟሟ የሚለው ነው። 9ኛና 10ኛ ክፍል ላይ መሠረቱ ይጣላል።

ይህ ለእኛ ቤት ለምን ያስፈልጋል?

በ2015 እ.ኤ.አ. ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው ኮሚሽን፣ ደኅንነቱ የተጠበቀና አቅምን ያገናዘበ ቀዶ ሕክምናና ማደንዘዣ የማያገኙ የዓለም ሰዎች 5 ቢሊዮን እንደሆኑ ገልጿል። የአገራችን ጤና ሚኒስቴርም በ2016 እ.ኤ.አ. ለደኅንነቱ የተጠበቀ ቀዶ ሕክምና የሚሆን አገራዊ ፕሮግራም ጀምሯል። ሕንፃና አልጋ ይሠራል፤ ማሽንም ይገዛል። ሰው ግን የሚገኘው ከየቤታችን ነው።

እስቲ አንድ ነገር በግልጽ ልናገር። ለወላድ እናት በወገብ ማደንዘዣ ሲሰጥ ቁጭ ብላ ጀርባዋን ገልጣ ነው። ብዙዎቹ እህቶቻችን በዚያ ሰዓት ሴት ባለሙያ ብታገኝ ምንኛ ደስ ይላት ነበር! ባሎችም «ሴት የለችም ወይ?» ብለው በር ላይ ይጠይቃሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። በችግር ጊዜ ወንድ ባለሙያ ሕይወት ማዳኑ የሚያስመሰግነው ነው፤ መዘግየትም አይገባም። ነገር ግን ሴት ልጃችንን ከሒሳብ ክፍል አስቀርተን፣ ውኃ ቅጅ፣ ማሽላ ጠብቂ ብለን፣ ከዚያም ሴት ባለሙያ አምጡልን ማለት እንዴት ይሆናል? ያቺ ባለሙያ ከሰማይ አትወርድም። ዛሬ ሰባተኛ ክፍል ሆና ክፍልፋይ የጠፋባት የእናንተው ልጅ ናት።

ምን እናድርግ?

1. መሠረቱን እንይ። አሥረኛ ክፍል የወደቀች ልጅ ችግሯ ብዙ ጊዜ አሥረኛ ክፍል ላይ አይደለም። የማባዛት ሠንጠረዥ፣ ክፍልፋይና አስርዮሽ ትችል እንደሆነ ጠይቋት። ካልቻለች የ5ኛና የ6ኛ ክፍል መጽሐፍ አምጥታ ትጀምር። አያሳፍርም።

2. ቤት ውስጥ ሒሳቡን ለእሷ ስጧት። የዘካውን፣ የሽንኩርቱን ሽያጭ፣ የማዳበሪያውን ዕዳ እሷ ታስላ። አባት አብሮ ይመልከት።

3. የመስጊድ ኮሚቴዎች ልብ በሉ። ከዩኒቨርሲቲ ለዕረፍት የሚመጡ ወንድሞችና እህቶች አሉን። በክረምት ወር የመድረሳው ክፍል ክፍት በሚሆንበት ሰዓት፣ ለሴቶችም ለወንዶችም በየራሳቸው የሒሳብና የሳይንስ ማጠናከሪያ ቢሰጡ ወጪው ጠመኔ ብቻ ነው።

4. እንግሊዝኛውን አትርሱ። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ነው። ሒሳቡን እየቻለች ጥያቄውን ባለመረዳት የምትወድቅ ልጅ ብዙ ናት።

5. የፈተና ወቅት ሥራ ቀንሱላት። ሁለት ሰዓት ጸጥታና መብራት ከብዙ ምክር ይበልጣል።

6. አንድ በር ቢዘጋ ሙያው አልተዘጋም። ነርስነት፣ አዋላጅነት፣ ላቦራቶሪ፣ ፋርማሲ ሁሉም ያንኑ የሒሳብ መሠረት ይጠይቃሉ። እኔም የገባሁት በዲፕሎማ ነው።

ወደዚያች ልጅ ልመለስ። ባለፈው ሳምንት ብቻዋን መጣች፤ መድኃኒት ፈልጋ ግን አልነበረም። ደብተሯን ባንኮኒው ላይ ዘርግታ «አስርዮሽ ማካፈል አሳዪኝ» አለችኝ። ደንበኛ እስኪመጣ ሦስት ጥያቄ ሠራን። ሁለቱን አገኘች፤ በአንዱ ነጥቧን ሳተች። ባለችበት ቦታ በቀይ ከበብኩላት።

አባቷ የአክስቷን ነገር ገና አልቆረጡም። «እስከ ሰኔ እንይ» ብለዋል። እኔም ኢንሻአላህ እስከ ሰኔ ባንኮኒው ላይ ለደብተሯ ቦታ አላጣላትም። እናንተስ ዛሬ ማታ የማንን ደብተር ትከፍታላችሁ?